ፍቅረ እግዚአብሔር የካቶሊካዊ ቅድስና መሠረት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ) ሰነዶችና በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ይፋዊው የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፍ) ላይ የቆሙ ናቸው። «አንቀጽ» እያልን ቁጥር የምንጠቅሰው ከትምህርተ ክርስቶስ ነው፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የግል ሁኔታዎን የሚመለከት ውሳኔ ሲገጥምዎ ከአናዛዥ ካህንዎ ጋር ይነጋገሩ።

ቅዱስ የሚባለው ብዙ የሚጾምና ብዙ የሚጸልይ ሰው አይደለም ወይ? ፍቅር ከቅድስና ጋር ምን አገናኘው?

ቅዱሳን ጾመዋል፣ ጸልየዋልም። ቅዱስ ያደረጋቸው ግን የጾማቸው ርዝመት አይደለም። ጌታ ከትእዛዛት ሁሉ ታላቂቱ የትኛዋ እንደሆነች ሲጠየቅ ሁለት ቃላትን ከኦሪት አንሥቶ አጣመረ፤ እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድን ከዘዳግም 6፥5፣ ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድን ከዘሌዋውያን 19፥18። ሕጉም ነቢያትም በእነዚህ በሁለቱ ላይ እንደተሰቀሉ ተናገረ (ማቴ. 22፥37-40)። ቅዱስ ጳውሎስ ከዚያም ርቆ ይሄዳል፤ ያለንን ሁሉ ለድሆች ብናካፍል፣ ሥጋችንንም ለእሳት ብንሰጥ፣ ፍቅር ከሌለን ምንም እንደማይጠቅመን ይነግረናል (1ኛ ቆሮ. 13፥3)። ይህን ጥቅስ በሰርግ ላይ ስለምንሰማው ጣፋጭ ሆኖብናል እንጂ ሊያስደነግጠን የሚገባ ቃል ነው፤ ምጽዋትና ሰማዕትነት እንኳ ባዶ ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚናገር ነውና።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ኅዳር 1964 ባወጣው ስለ ቤተ ክርስቲያን በሚናገረው ሰነድ፣ ምዕራፍ 5 ላይ፣ በማንኛውም የኑሮ ደረጃ ያለ ክርስቲያን ሁሉ ወደ ክርስቲያናዊ ሕይወት ሙላትና ወደ ፍጹም ፍቅር መጠራቱን አስተምሯል። ጾም፣ ጸሎት፣ ምጽዋት፣ ስግደት፣ ሱባኤ ወደዚያ የሚያደርሱ መንገዶች ናቸው። ከመንገዶቹ የትኛውም አይናቅም፤ ግን የትኛውም ቢሆን ወደ ፍቅር እያደረሰን መሆኑን ደግመን ደጋግመን መጠየቅ አለብን።

የትኛው ፍቅር? ጥሩ ጸባይ ያለው ሰው ሁሉ አለው ማለት ነው?

አይደለም። ትምህርተ ክርስቶስ በአንቀጽ 1822 የሚናገርለት ፍቅር እግዚአብሔርን ስለ ራሱ ከሁሉ በላይ የምንወድበት፣ ባልንጀራችንንም ስለ እግዚአብሔር ስንል እንደ ራሳችን የምንወድበት መለኮታዊ ምግባር ነው። ከእምነትና ከተስፋ ጋር በጥምቀት ይሰጠናል፤ በጥረት የምናመርተው ሳይሆን በመንፈስ ቅዱስ በልባችን የፈሰሰ ነው (ሮሜ 5፥5)። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ወዳጅነት ይለዋል፤ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ባሮች ሳይሆን ወዳጆች ብሎ ከመጥራቱ ተነሥቶ (ዮሐ. 15፥15)። ወዳጅነት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ለወዳጅ መልካም መመኘት፣ ምኞቱ ከሁለቱም ወገን መሆኑ፣ የጋራ የሆነ ነገር መኖሩ። በእግዚአብሔርና በእኛ መካከል ያለው የጋራ ነገር እርሱ በጸጋው ያካፈለን የራሱ ሕይወት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙዎችን ያጽናናል። በተፈጥሮው ገር የሆነ ሰው በዚህ ፍቅር የበለጸገ ላይሆን ይችላል፤ በተፈጥሮው ቁጡ የሆነና በየቀኑ ስለ እግዚአብሔር ብሎ ምላሱን የሚገታ ሰው ደግሞ እጅግ ርቆ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታዩ ሁለተኛው ይብሳል። ስለዚህ በሰው ቅድስና ላይ ለመፍረድ አንቸኩል፤ በራሳችንም ላይ ቢሆን።

ስጸልይ ምንም አይሰማኝም። እግዚአብሔርን አልወደውም ማለት ነው?

ስሜት የፍቅር ልክ አይደለም። ይህ ፍቅር የሚያድረው በፈቃድ ውስጥ ነው፤ ስሜት አንዳንዴ ይከተለዋል፣ አንዳንዴም አይከተለውም። ጌታም የሰጠው መለኪያ ሌላ ነው፦ «ብትወዱኝ ትእዛዜን ጠብቁ» (ዮሐ. 14፥15)። በአመድ የተዳፈነ ፍም ሙቀቱ ስላልታየ ጠፍቷል አይባልም።

ቢሆንም ድርቀቱ ከየት እንደመጣ መመርመር ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ እንደ ምክንያቱ ይለያያልና። መጀመሪያ አካልን ይመልከቱ። ሌሊት ስልክ ሲነካኩ አምሽተው ጠዋት በእንቅልፍ የሚጸልዩ ከሆነ ችግሩ መንፈሳዊ ላይሆን ይችላል። ቀጥሎ ኅሊናን ይጠይቁ፤ ሊተዉት ያልፈለጉት፣ ሳይናዘዙት የያዙት ኃጢአት ካለ ጸሎቱ የሚደርቀው በዚያ ነው። ከሁለቱ አንዱም ካልሆነ እግዚአብሔር ከጣዕሙ ይልቅ እርሱን ራሱን እንድንፈልግ እያሠለጠነን ሊሆን ይችላል። ቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀል ለዚህ ምልክቶች ሰጥቷል፦ ሰውየው በመንፈሳዊ ነገርም በዓለማዊ ነገርም ጣዕም ያጣል፤ እግዚአብሔርን የማላገለግል ሆኛለሁ ብሎ ይጨነቃል፤ እንደ ቀድሞው በማሰላሰል መጸለይ ይሳነዋል። ቸልተኛ ሰው ግን አይጨነቅም። ጭንቀቱ ራሱ መልካም ምልክት ነው።

በዚህ ጊዜ ትልቁ ስሕተት የጸሎቱን ሰዓት ማሳጠር ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ወስነው ከነበረ አሥራ አምስቱንም ይቀመጡ። ከዕለቱ ወንጌል ጥቂት መስመር ያንብቡ፣ ሐሳብ ሲበተን ሳይበሳጩ ይመለሱ፤ «ጌታዬ ሆይ፣ ከሁሉ በላይ እወድሃለሁ፤ ፍቅርህን ጨምርልኝ» የመሰለች አጭር ቃል በቀን ውስጥ ደጋግመው ይበሉ። እንዲህ ያለች ቃል በፈቃድ ከተነገረች እውነተኛ የፍቅር ሥራ ናት፤ ልብ ቢሞቅም ባይሞቅም።

ኃጢአት ይህን ፍቅር ያጠፋዋል?

ከባድ ኃጢአት (የሞት ኃጢአት) ያጠፋዋል፤ ቀላል ኃጢአት ያቆስለዋል (አንቀጽ 1855)። አንድ ኃጢአት ከባድ የሚሆነው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ ነው፦ ጉዳዩ ራሱ ከባድ ሲሆን፣ ከባድነቱን በሙሉ ዕውቀት ሲያውቁት፣ በሙሉ ፈቃድ ሲያደርጉት። አንዱ ከጎደለ የሞት ኃጢአት አይሆንም። ቀላል ኃጢአቶች ቢከማቹም ፍቅርን በራሳቸው አያጠፉም፤ አደጋቸው ሰውን እያለሰለሱ ወደ ከባዱ ማመቻቸታቸው ነው። ትንሽ ሐሜት፣ ትንሽ ውሸት፣ ትንሽ ቂም እያለ ልብ ይለምዳል።

ብዙ ጊዜ የሚከተለው ጥያቄ «በከባድ ኃጢአት ውስጥ ሆኜ የማደርገው በጎ ሥራ ከንቱ ነው?» የሚል ነው። ከንቱ አይደለም፤ በጎነቱ አይጠፋም፣ ልብንም ለመመለስ ያዘጋጃል። የዘለዓለም ሕይወት ዋጋ የሚያስገኘው ግን በፍቅር ውስጥ የተሠራው ነው። ስለዚህ በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው ጸሎቱንም ምጽዋቱንም መተው የለበትም፤ ወደ ኑዛዜ መፍጠን እንጂ።

ለኑዛዜ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦ ኅሊናን መመርመር፣ መጸጸት፣ ላለመድገም መቁረጥ፣ የከባድ ኃጢአቶችን ዓይነትና ብዛት ሳይደብቁ ለካህኑ መናገር፣ የተሰጠውን ቅጣት (ቀኖና) መፈጸም። ብዛቱን በትክክል የማያስታውስ ሰው «በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ያህል» ብሎ ቢናገር ይበቃል። ኑዛዜን የሚያበላሸው አንዱን ከባድ ኃጢአት አውቆ ማስቀረት ነው፤ ረስቶ የቀረ ግን ይቅር ተብሏል፣ በሚቀጥለው ኑዛዜ መጥቀስ ብቻ ይጠበቅብዎታል። ከዚህ ሌላ ሰዎች የሚስቱት ዝርዝሩን ለማጥራት ብዙ ደክመው ለጸጸቱ ጊዜ አለመስጠት ነው። ቅጣትን ፈርቶ መጸጸት (ያልተፈጸመ ጸጸት) ለኑዛዜ ይበቃል፤ እግዚአብሔርን ከመውደድ የሚመጣው ፍጹም ጸጸት ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ፍጹም ጸጸት ለብቻው ከባድ ኃጢአትን ያስተሰርያል ይባላል። እውነት ነው?

አዎ፣ ፈጥኖ ለመናዘዝ ቁርጥ ፈቃድ ካለው (አንቀጽ 1452)። ድንገተኛ አደጋ ለደረሰበት፣ ካህን ለማይገኝበት ሕመምተኛ ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ አጠገቡ ያለ ሰው የጸጸትን ጸሎት በጆሮው ቀስ ብሎ ሊያነብለት ይችላል። በመደበኛው ጊዜ ግን ከባድ ኃጢአት ያለበት ሰው ሳይናዘዝ ወደ ቁርባን አይቀርብም።

ቤተ ክርስቲያን በአገልግሎት እተጋለሁ፣ ቤተሰቤ ግን ያማርራል። ከእግዚአብሔር ቤት የሚቀድም አለ?

ፍቅር ሥርዓት አለው። እግዚአብሔር ከሁሉ ይቀድማል፤ ቀጥሎ የራስ ነፍስ መዳን፣ ቀጥሎ ባልንጀራ ይመጣል፤ የራስ አካላዊ ምቾት ከባልንጀራ ነፍስ በኋላ ነው። ከባልንጀሮችም መካከል በደምና በኪዳን የተሳሰርናቸው ይቀድማሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን ክዷል፣ ከማያምንም ሰው ይከፋል እስከ ማለት ደርሷል (1ኛ ጢሞ. 5፥8)።

ችግሩ የሚጀምረው «እግዚአብሔር ይቀድማል» የሚለው እውነት «በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚደረግ ነገር ሁሉ ይቀድማል» ተብሎ ሲተረጎም ነው። እሑድ ቅዳሴ ግዴታ ነው። የመዘምራን ልምምድ፣ የማኅበር ስብሰባ፣ የሠርክ ጉባኤ ግን በፈቃድ የምንገባባቸው መልካም ሥራዎች ናቸው። የታመመች እናት ቤት ውስጥ ብቻዋን ተኝታ፣ ልጆች የቤት ሥራቸውን የሚያይላቸው አጥተው፣ ባል ወይም ሚስት ሳምንቱን ሙሉ ለመነጋገር ጊዜ ሲለምኑ፣ ሰው ስብሰባ ቢሄድ ትጋቱ ከፍቅር ተነጥሏል። በእንዲህ ያለ ሰዓት እናትን መመገብና ማጠብ ራሱ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው። አባት ለልጁ የቤት ሥራ ሲያስረዳ ሃያ ደቂቃ ቢታገሥ፣ ያን ስለ ጌታ ቢያደርገው፣ ቅድስናው እዚያ ጠረጴዛ ላይ እያደገ ነው።

በተግባር፦ የሳምንቱን አገልግሎቶች በወረቀት ይጻፉ፤ የትዳር ጓደኛዎን ወይም አብረውዎ የሚኖሩትን ሰዎች የትኛው እንደሚጎዳቸው ይጠይቁ፤ ሳይከራከሩ ይስሙ፤ ከዚያ ለቁምስናው ካህን ነግረው ከአንዱ ይውጡ። ካህኑ ቅር ይለው ይሆናል የሚለው ፍርሃት ሰውን ለዓመታት ሲያስቸግር ይታያል። ካህኑም የሚፈልገው በቤታቸው ሰላም ያላቸው አገልጋዮችን ነው።

ምጽዋት ስንት መስጠት አለብኝ? አሥራት ግዴታ ነው?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ምእመናን የቤተ ክርስቲያንን ፍላጎት የመርዳትና ድሆችን የመደገፍ ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል፤ መጠኑን በመቶኛ አይወስንም፤ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ (አንቀጽ 2043)። አሥራት ለብዙዎች መልካም ልማድ ነው። ለአንዱ ግን ከአሥር አንድ ልጆቹን የሚያስርብ ሸክም ይሆናል፤ ለሌላው ደግሞ ሳይሰማው የሚያልፍ ገንዘብ ነው።

ከመጠኑ ይልቅ አጥብቀን የምንናገርበት ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ሥራ ባወጣው ድንጋጌ፣ በፍትሕ የሚገባን ነገር የፍቅር ስጦታ አስመስለን እንዳንሰጥ አስጠንቅቋል። በአገራችን ይህ የሚፈተንበት አንዱ ቦታ የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ከገጠር የመጣች ልጅ በቤታችን ትሠራለች። ደመወዟ ይዘገያል፣ «እኔ ዘንድ ይቀመጥልሽ» ይባላል፣ ሰሃን ስትሰብር ይቆረጣል። የዕረፍት ቀን የላትም፤ እሑድ ሁላችንም ቅዳሴ ስንሄድ እርስዋ ቤት ትጠብቃለች። ከዚያ ለበዓል ያረጀ ልብስ ሰጥተናት ምጽዋት አደረግን እንላለን። ይህ ምጽዋት አይደለም። ያዕቆብ 5፥4 የተቀማ ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ይናገራል። መጀመሪያ የተስማማችሁበት ደመወዝ በቀኑ፣ ሙሉውን፣ በእጇ ወይም በባንክ ሒሳቧ ይከፈል። የዕረፍት ቀኗና ቤተ ክርስቲያን የመሄድ ጊዜዋ ይጠበቅ። ሕመሟ ይታከም። ፍቅር የሚጀምረው ከዚህ በላይ ነው፦ ማታ ትምህርት ቤት እንድትገባ መርዳት፣ በስሟ መጥራት፣ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ማዕድ ማስቀመጥ።

እንዲሁም የተሰረቀ ወይም በማጭበርበር የተገኘ ገንዘብ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ለድሃ በመስጠት አይካካስም። ባለቤቱን ወይም ወራሾቹን ለማግኘት ከልብ ተሞክሮ ካልተቻለ ብቻ ለድሆች ይሰጣል። በኑዛዜ ጊዜ ካህኑ ስለዚህ ቢጠይቅዎ አይደነቁ።

እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ የሚሠራ ልማድ ይኸው፦ ደመወዝ በገባ ዕለት፣ ወጪ ሳይጀመር፣ የወሰኑትን ለይተው ያስቀምጡ። በወሩ መጨረሻ ከተረፈ እሰጣለሁ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ አይሰጥም። በጾም ወቅት ከምግብ የቀነሰውን ወጪ አስልተው እዚያ ላይ ይጨምሩ፤ ኢሳይያስ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ይናገራል።

ገንዘብ ከሌለኝስ?

ሰባቱ የሥጋ ምሕረት ሥራዎችና ሰባቱ የመንፈስ ምሕረት ሥራዎች በአብዛኛው ገንዘብ አይጠይቁም። የመጀመሪያዎቹ፦ የተራበ ማብላት፣ የተጠማ ማጠጣት፣ የታረዘ ማልበስ፣ እንግዳ መቀበል፣ የታመመ መጠየቅ፣ የታሰረ መጎብኘት፣ የሞተ መቅበር። ሁለተኞቹ፦ ያላወቀውን ማስተማር፣ የተጠራጠረውን መምከር፣ ኃጢአተኛውን መገሠጽ፣ ያዘነውን ማጽናናት፣ በደልን ይቅር ማለት፣ አስቸጋሪ ሰውን መታገሥ፣ ለሕያዋንና ለሙታን መጸለይ። በእድርዎ ውስጥ ድንኳን የሚተክሉት፣ ለቅሶ ቤት አዳራቸውን የሚያድሩት ሰዎች ሥራቸው ከነዚህ አንዱ ነው፤ ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ብለው ቢያቀርቡት ምን ያህል እንደሚከብር ብዙዎቹ አያውቁም። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ባለው የማዘር ቴሬዛ እኅቶች ቤት፣ ወይም በአቅራቢያዎ ባለ ተመሳሳይ ቤት፣ ሕመምተኛ የሚያጥብና የሚያበላ እጅ ዘወትር ያስፈልጋል። ከመሄድዎ በፊት ኃላፊዋን እኅት ማነጋገርና በየሳምንቱ የሚችሉትን አንድ ቀን መወሰን ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ መጥቶ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ለሕመምተኛው አይጠቅምም።

የበደለኝን ሰው መውደድ አልቻልኩም። ይቅር ብዬ እንኳ ሳየው ደሜ ይፈላል።

ደም መፍላቱ ኃጢአት አይደለም። «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለው ትእዛዝ የሚጠይቀው እነዚህን ነው፦ ክፉ አለመመኘትና አለመበቀል፤ መዳኑን መፈለግ፣ ቢያንስ በስሙ ጠርቶ መጸለይ፤ ለሁሉ የሚሰጠውን የአክብሮት ምልክት አለመንሳት። ሰላምታ መንሳት፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ሲጠራ እርሱን መዝለል፣ ቤቱ ሐዘን ሲገባ ለቅሶ አለመድረስ የቂም ሥራ ነው። እንደ ቀድሞው ወዳጅ መሆን፣ ምስጢር ማካፈል፣ ገንዘብ ማበደር ግን ግዴታ አይደለም።

ይቅርታ ፍትሕን አያስቀርም። መብትዎን በሽማግሌ ወይም በፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ፤ የሚመረመረው በውስጥዎ ያለው በቀል ነው ወይስ ፍትሕ የሚለው ነው። ይህን በግልጽ የምንናገረው አንዳንድ የሚደበደቡ ሚስቶች «ይቅር በይና ተመለሺ» ስለሚባሉ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሕግ የትዳር ጓደኛው ለነፍስ ወይም ለአካል ከባድ አደጋ ሲሆን ተለይቶ መኖርን ይፈቅዳል። ከአደጋ መውጣት ይቅርታን አያፈርስም።

በተግባር የሚረዳው፦ ለአንድ ወር በየቀኑ ስለዚያ ሰው አንድ «አባታችን ሆይ» መድገም። «በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ቦታ ሲደርሱ ስሙን ይጥሩ። በደሉ ትዝ ባለ ቁጥር እንደገና ይቅር ማለት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያ የመጀመሪያው ይቅርታ ሐሰት ነበር ማለት አይደለም።

ሰው ሲሳሳት ማረም ፍቅር ነው ወይስ መፍረድ?

ማረም የፍቅር ሥራ ነው፤ በማቴዎስ 18፥15-17 ጌታ ደረጃውን አስቀምጧል፦ መጀመሪያ ብቻውን፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። ዛሬ ብዙዎች ከመጨረሻው ይጀምራሉ፤ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይጽፋሉ። ከመናገርዎ በፊት ጥፋቱን በእርግጥ ማወቅዎን (ወሬ አይበቃም)፣ ንግግርዎ ይጠቅማል የሚል ተስፋ መኖሩን፣ እርስዎ ትክክለኛው ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ። በሚቆጡበት ሰዓት አይናገሩ።

ቅዱስ ለመሆን መነኩሴ መሆን አለብኝ?

የለብዎትም። መነኮሳት የሚሳሏቸው ድህነት፣ ንጽሕናና መታዘዝ ፍቅርን የሚያግዱ ነገሮችን ከመንገድ የሚያነሡ ምክሮች ናቸው፤ ፍጹምነቱ ያለው በፍቅር ትእዛዛት ነው፣ እነርሱም ለሁሉ የተሰጡ ናቸው። ገዳማዊ ሕይወት የከበረ ጥሪ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ቅድስት ተሬዛ ዘሊዝዬ በ15 ዓመቷ ገዳም ገብታ በ24 ዓመቷ በ1897 ስታርፍ ዓለም የሚያውቀው አንዳች ታላቅ ሥራ አልነበራትም፤ በ1997 የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ተብላ የተሰየመችው ትንንሹን የዕለት ሥራ በታላቅ ፍቅር የመሥራትን መንገድ በማስተማሯ ነው። የእርሷ መንገድ ጉሊት ላይ ለምትነግድ እናትም ለታክሲ ሹፌርም ክፍት ነው።

ኦርቶዶክስ ዘመዶቼ በዚህ ፍቅር ሊቀደሱ ይችላሉ?

ይችላሉ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ከካቶሊክ በተለዩት ወንድሞች ዘንድ የመንፈስ ቅዱስ ጸጋ የሚሠራው ሁሉ ለእኛም ለመታነጽ እንደሚሆን አስተምሯል፤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት እውነተኛ ምስጢራት እንዳሏቸውም። ከእነርሱ ጋር በቤት ውስጥ ስለ ሃይማኖት ሲነጋገሩ ክርክር ማሸነፍን ግብ አያድርጉ።

የማታው የኅሊና ምርመራ እንዴት ይደረጋል?

አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከእራት በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ አልጋ ላይ የሚጀምሩት ብዙዎች ሳይጨርሱ ይተኛሉ። በመጀመሪያ ስለ ዕለቱ ሁለት ሦስት የተወሰኑ ነገሮችን ጠርተው ያመስግኑ። ይህን ዘልለው ወደ ኃጢአት የሚሄዱ ሰዎች ምርመራው ራስን መክሰስ ብቻ ይሆንባቸውና በሳምንቱ ይተዉታል። ቀጥሎ መንፈስ ቅዱስን ብርሃን ይለምኑ። ሦስተኛ ቀኑን ከጠዋት ጀምረው በሰዓት ይከልሱ፤ በተለይ አንደበትን፣ ገንዘብንና ከቤተሰብ ጋር የነበረውን ጊዜ፤ «ዛሬ ማንን አልፌ ሄድኩ?» የምትለውን ጥያቄ አይርሱ፣ ያልሠራነው በጎ ከሠራነው ክፉ ይልቅ ይሰወራልና። አራተኛ ይጸጸቱ። አምስተኛ ለነገ አንድ ነገር ብቻ ይወስኑ፤ «ደግ እሆናለሁ» ሳይሆን «ነገ ጠዋት እኅቴን ደውዬ እጠይቃታለሁ»። አምስት ነገር የሚወስን ሰው አንዱንም አያደርግም።

«ሁልጊዜ በከባድ ኃጢአት ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል፤ ተናዝዤም አላርፍም» ለሚሉ፦ አንድ አናዛዥ ይያዙ፣ ካህን አይቀያይሩ፣ የተናዘዙትን እንዲደግሙ ካልፈቀደ አይድገሙ። ጭንቀቱ እንቅልፍና ሥራ የሚነሳ ከሆነ ሐኪምም ያማክሩ፤ ከእምነት ማነስ አይደለም።

ዓረብ አገር በሰው ቤት እሠራለሁ፤ ቅዳሴ መሄድ አይፈቀድልኝም። ምን ላድርግ?

በእውነት መውጣት የማይችል ሰው ከእሑድ ቅዳሴ ግዴታ ነፃ ነው፤ ስለዚህ ኃጢአት ሠራሁ ብለው አይጨነቁ። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጊዜ የምትመክረው ተመጣጣኝ ሰዓት በጸሎት ማሳለፍን ነው። የእሑዱን ወንጌል በስልክ ያንብቡ፣ ጌታን በመንፈስ ለመቀበል ይመኙ፤ «አሁን በቅዱስ ቁርባን ልቀበልህ ስላልቻልኩ በመንፈስ ወደ ልቤ ና» ይበሉ። መቁጠሪያ ማንሣት አደጋ ካለው በጣት ይቁጠሩ። ከባድ ኃጢአት ካለብዎት ከላይ የተነገረውን ፍጹም ጸጸት ያድርጉ፤ አገር ሲገቡ ወይም ካህን ሲያገኙ ይናዘዛሉ። ለአሠሪ ልጆችና ለሕመምተኛ ሽማግሌ በትዕግሥት የሚያደርጉት እንክብካቤ የምሕረት ሥራ ነው። የሚደርስብዎትን በደል ግን እንዲሸከሙ ፍቅር አያስገድድዎትም፤ መደብደብ፣ ደመወዝ መከልከል፣ ፓስፖርት መያዝ ለኤምባሲ ወይም ለሚያምኑት ሰው ሊነገር ይገባል።

መውጣት ሲቻል፦ በዱባይ፣ በአቡዳቢ፣ በዶሃ፣ በኩዌት፣ በባሕሬንና በኦማን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናት አሉ፤ በሳውዲ ዓረቢያ በይፋ የተሠራ የለም። ዓርብ ቀንም ቅዳሴ የሚቀደስባቸው ቁምስናዎች ስላሉ ሰዓቱን ይጠይቁ። የግዕዝ ሥርዓት ባይሆንም በማንኛውም ካቶሊካዊ ሥርዓት የሚቀደስ ቅዳሴ ግዴታውን ይሞላል።

ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ቅዱስ መሆኑን ስታጣራ ፍቅሩን እንዴት ትመዝነዋለች?

ሰውየው ካረፈ ከአምስት ዓመት በኋላ ሀገረ ስብከቱ ምስክሮችንና ጽሑፎችን መሰብሰብ ይጀምራል። እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር፣ እንዲሁም ማስተዋል፣ ፍትሕ፣ ብርታትና ራስን መግዛት በጀግንነት ደረጃ ታይተውበት እንደሆነ በየተራ ይጠየቃል። ጀግንነት ሲባል አንድ ጊዜ የተደረገ አስደናቂ ሥራ ሳይሆን ለረጅም ጊዜ፣ በደስታና በቅለት፣ መከራም ሲመጣ ሳይቋረጥ የታየ ልማድ ማለት ነው። ስለ ፍቅር ሲጠየቅ ተቃዋሚዎቹን እንዴት እንዳነጋገረ፣ ታናናሾቹን እንዴት እንደያዘ ሁሉ ይመረመራል። ለብፅዕና (ከቅድስና አዋጅ በፊት ላለው ደረጃ) አንድ ተአምር፣ ለቅድስና ሌላ አንድ ያስፈልጋል፤ ለሰማዕት የብፅዕናው ተአምር አይጠየቅም። ከ2017 ወዲህ ስለ ሌሎች ፍቅር ሕይወቱን በፈቃዱ አሳልፎ የሰጠ ሰው በራሱ መንገድ ሊታይ ይችላል።

ከአገራችን ጋር የተያያዙ ሁለት ስሞች አሉ። በ1800 በኢጣልያ የተወለደው የቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር አባል ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ (አቡነ ያዕቆብ) በ1839 ትግራይ ገብቶ እንደ ሕዝቡ ኖረ፣ የግዕዝን ሥርዓት ጠበቀ፣ በ1860 አረፈ፤ በ1975 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅድስናውን አውጀዋል። ጎጃም ውስጥ በ1791 የተወለደው አባ ገብረ ሚካኤል ከኦርቶዶክስ መነኩሴነት ወደ ካቶሊክ እምነት ገብቶ በ1851 ክህነት ተቀበለ፤ በ1855 በሰንሰለት ታስሮ ሞተ፤ በ1926 እንደ ሰማዕት ብፁዕ ተባለ። እስካሁን ያለው በብፅዕና ደረጃ ነው፤ ለቅድስና አዋጁ ከብፅዕናው በኋላ በአማላጅነቱ የተፈጸመ አንድ ተአምር መረጋገጥ ይኖርበታል። በእርሱ አማላጅነት ተፈወስኩ የሚል ሰው ከሕክምናው በፊትና በኋላ የነበሩትን የሐኪም ማስረጃዎች ሳይጥል ይዞ በቁምስናው በኩል ለሀገረ ስብከቱ ያመልክት።